ስለ ሁለት ጸሓፊዎችና ስለ አንድ መዝገብ፤ በኮምፒዩተር ፋይሎች ላይ ስለሚደርሰው የንባብና የጽሕፈት ሽቅድምድም

ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አንዱ ፕሮግራም ደብዳቤ ሲያሳትም ሌላው ሒሳብ ይደምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሩቅ የመጣ መልእክት ይቀበላል። እያንዳንዱ በየራሱ ንብረት ላይ እስከ ሠራ ድረስ ችግር የለም። ችግር የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ፋይል ላይ ሲገናኙ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይጽፋል፥ ወይም ሁለቱም ይጽፋሉ፤ በመጨረሻ በፋይሉ ውስጥ የሚገኘውም ነገር ከሁለቱ ማን እንደ ቀደመ የሚወሰን ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ሬስ ኮንዲሽን» የሚሉት ይህን ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ሽቅድምድም» እንለዋለን። ዓላማችን ሽቅድምድሙ ከየት እንደሚነሣ፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ምን ያህሉን እንደሚከላከሉ፥ ምን ያህሉንም ለፕሮግራም ጸሓፊው እንደሚተዉለት ማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ነገር ወደ ማጥናት ያመጣን አንድ ጉዳት ስለሆነ በእርሱ ብንጀምር አንባቢ አይቀየመንም። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ በአንድ ጽሕፈት ቤት ለፈተና የተመዘገቡ ተማሪዎች ዝርዝር በአንድ ፋይል ተይዞ ነበር፤ ፋይሉም ሁለት ጸሓፊዎች ከየጠረጴዛቸው ሊከፍቱት በሚችሉት በጋራ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። አንደኛዋ ጸሓፊ ጧት ከፈተችው፤ የተሳሳቱ ስሞችን እያረመች ሳለ ፋይሉን ሳትዘጋ ለምሳ ወጣች። ሁለተኛው በዚያው ሰዓት ከፍቶ የሦስት ተማሪዎችን ስም ጨመረና አስቀመጠ፤ ለሦስቱም ደረሰኝ ሰጠ። ከሰዓት በኋላ አንደኛዋ ተመልሳ እርማቷን ጨርሳ አስቀመጠች። በፊቷ የነበረው ዝርዝር የጧቱ ዝርዝር ነውና ሦስቱ ስሞች ከፋይሉ ጠፉ። ኮምፒዩተሩ ለማናቸውም አንዳች የስሕተት ቃል አልተናገረም፤ ሁለቱም ሥራቸውን በደንብ ሠርተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በፈተናው ዕለት ከበር ላይ «ስማችሁ የለም» ተብለው ከተመለሱት ሦስት ተማሪዎች አንዱ እኛ ነበርን። ደረሰኛችንን አሳይተን ዘግይተንም ቢሆን ገባን፤ ደረሰኙን የጣለው ጓደኛችን ግን የሚቀጥለውን መንፈቅ ዓመት ለመጠበቅ ተገደደ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ላይ ግን ተረቱ አይሠራም፤ ለመልቀም አስቀድሞ መፍሰሱን ማየት ያስፈልጋልና። በሽቅድምድም የጠፋ ጽሕፈት መጥፋቱን የሚናገር ምልክት ትቶ አይሄድም።

አሁን ከጸሓፊዎቹ ጠረጴዛ ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ። አንድ ፕሮግራም ዲስክን በቀጥታ አይነካም፤ ከርነል የሚባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ይለምናል። «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፤ ይህን ያህል ባይት አንብብልኝ፤ ይህን ጻፍልኝ፤ ዝጋልኝ» ይላል። እያንዳንዱ ልመና ለብቻው የቆመ ነው። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከርነሉ ምንም ዓይነት ቃል ኪዳን አልገባም፤ የመጀመሪያውን ፕሮግራም አቁሞ ሌላውን ሊያስኬድ ይችላል። ዛሬ ደግሞ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ፕሮሰሰሮች ስላሉ ሁለቱ ፕሮግራሞች በእውነት በአንድ ቅጽበት ይሮጣሉ። እንግዲህ «አንብብ፥ አንድ ጨምር፥ ጻፍ» የሚለው ለእኛ አንድ ሥራ ቢመስልም ለማሽኑ ሦስት ሥራ ነው፤ በሦስቱም መካከል በር ክፍት ነው።

ይህን ማንም ተማሪ በግማሽ ሰዓት ሊሞክረው ይችላል። በአንድ ፋይል ውስጥ በቋሚ ስፋት 0 ቁጥርን ይጻፍ። ከዚያም ቁጥሩን አንብቦ አንድ ጨምሮ በቦታው መልሶ የሚጽፍ፥ ይህንንም 10,000 ጊዜ የሚደጋግም አጭር ፕሮግራም ያዘጋጅ። ፕሮግራሙን በሁለት ቅጂ በአንድ ጊዜ ቢያስነሣ ሒሳቡ 20,000 መሆን ነበረበት። የሚገኘው ግን እንደ ወትሮው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ይልቁንም በተሞከረ ቁጥር የተለያየ ነው። ይህን ስናሳያቸው ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ «መቼም ከ10,000 አያንስም፤ አንዱ እንኳ የራሱን ይጽፋልና» ብለው ተከራከሩን። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው አስበን ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ዝቅተኛው ውጤት 2 ነው። እንዴት ቢሉ፥ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሀ፥ ሁለተኛውን ለ እንበላቸው። ሀ 0ን አንብቦ ገና ሳይጽፍ ይቆም። ለ ደግሞ 9,999 ጊዜ ይዙር፤ ፋይሉ 9,999 ይላል። አሁን ሀ ከእንቅልፉ ነቅቶ 0 ሲደመር 1 ብሎ 1 ይጽፋል፤ የለ ድካም ሁሉ ተሰረዘ። ለ የመጨረሻውን ዙር ይጀምርና 1ን አንብቦ ሳይጽፍ ይቁም። ሀ የቀረውን 9,999 ዙር ይፈጽም፤ ፋይሉ 10,000 ይላል። በመጨረሻ ለ ነቅቶ 1 ሲደመር 1 ብሎ 2 ይጽፋል፤ ሥራው በዚህ አለቀ። ከ2 በታች ሊወርድ አይችልም፤ 1 የሚጽፍ ሰው 0ን ያነበበ መሆን አለበት፥ 0ን ሊያነብ የሚችለውም በመጀመሪያ ዙሩ ብቻ ነውና ያ ጽሕፈት የመጨረሻው ጽሕፈት ሊሆን አይችልም። በተግባር እስከ 2 መውረድ እጅግ ያልተለመደ ነው። ነገር ግን ሃያ ሺህ መደመር ተፈጽሞ ሁለት ብቻ የሚቀርበት መንገድ በሕግ የተፈቀደ መሆኑን ማወቅ «ብዙ ጊዜ ደህና ይሠራል» በሚል ፕሮግራም ላይ ያለንን እምነት ይቀንሰዋል።

የሽቅድምድም ጠባይ ሌላም ክፋት አለው። ስሕተቱን ለመፈለግ በየመስመሩ መካከል መልእክት የሚያትም ትእዛዝ ብናስገባ የሁለቱ ፕሮግራሞች ፍጥነት ይለወጣል፤ ስሕተቱም ይሰወራል። ትእዛዙን ስናወጣው ይመለሳል። ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት ባጡበት ቀን በኦሃዮ የነበረው የመቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም አስቀድሞ ዝም ብሎ ነበር፤ ከብዙ ምርመራ በኋላ የተገኘው ምክንያት ሁለት ፕሮሰሶች በአንድ የጋራ መረጃ ላይ በአንድ ጊዜ የመጻፍ መብት ማግኘታቸው ነው። ይህ በፋይል ላይ ሳይሆን በማሽኑ ትውስታ ላይ የደረሰ ቢሆንም የአንድ ቤተሰብ በሽታ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሁለት ጸሓፊዎች ነው። አንዱ ጸሓፊ ሌላው አንባቢ ቢሆንስ? አንባቢ ምንም አያጠፋም፤ ነገር ግን በሕይወት ያልነበረ ነገር ሊያነብ ይችላል። ጸሓፊው አንድ ረጅም ጽሕፈት በአሮጌው ላይ ሲጽፍ አንባቢው በመካከል ቢደርስ ግማሹን ከአዲሱ ግማሹን ከአሮጌው ይወስዳል። ሁለቱም ለየብቻቸው እውነት ናቸው፤ የተቀላቀለው ግን ማንም ያልጻፈው ነው። ፖዚክስ የተባለው የዩኒክስ ሥርዓቶች የጋራ ደንብ አንድ የማንበብ ጥሪና አንድ የመጻፍ ጥሪ በተራ ፋይል ላይ እርስ በርሳቸው የማይከፈሉ ይሁኑ ይላል፤ አንባቢው ወይ ጽሕፈቱን በሙሉ ይይ፥ ወይም ምንም አይይ ማለት ነው። በሊኑክስ ላይ ግን ይህ እንደ ፋይል ሲስተሙ ይለያያል። ኤክስ.ኤፍ.ኤስ. የሚባለው ሲሠራበት በኖረው ደንብ አንባቢዎች የጋራ፥ ጸሓፊ የብቻ ቁልፍ ይይዙበታል። ኤክስት4 የሚባለው ግን ተራ ንባብን ያለ ቁልፍ ያሳልፋል፤ መረጃው 4,096 ባይት በሆነ ገጽ በገጽ ስለሚገለበጥ አንባቢው ሁለት ገጽ ከአዲሱ፥ ሦስተኛውን ከአሮጌው ሊያገኝ ይችላል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ብዙ አንባቢዎች ባሉበት ቦታ ቁልፍ መጠበቅ ሥራን ያዘገያልና ፍጥነትን መርጠው ነው። ምርጫውን አንነቅፍም፤ ደንቡን አንብቦ በኤክስት4 ላይ የሚሠራ ተማሪ ግን መታለሉ አይቀርም።

ከዚህ የባሰው ፕሮግራም ጸሓፊው ራሱ የሚያመጣው ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ፋይልን ለማደስ ሲፈልጉ አስቀድመው ባዶ አድርገው ይከፍቱታል፤ ከዚያ ይጽፋሉ። በሁለቱ መካከል ፋይሉ ባዶ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የመጣ አንባቢም ባዶ ያነባል። ይህ አንባቢ ቆሞ እየጠበቀ በአትሮንሱ ላይ ያለውን ብራና ፍቆ እንደ ገና እንደ መጻፍ ነው። ደግ ቁም ጸሓፊ እንዲህ አያደርግም፤ አዲሱን ዳዊት በቤቱ ጽፎ ጨርሶ በአትሮንሱ ላይ ካለው ጋር በአንድ እጅ ይለውጠዋል። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። አዲሱ ጽሕፈት በሌላ ስም በዚያው ማውጫ ውስጥ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ስሙን ወደ አሮጌው ስም የመለወጥ ጥሪ ይሰጣል። ይህ ጥሪ የማይከፈል ነው፤ ማንም ያንን ስም የሚከፍት ወይ አሮጌውን በሙሉ ወይም አዲሱን በሙሉ ያገኛል። አሮጌውን አስቀድሞ የከፈተ አንባቢም አይደናገጥም፤ ስሙ ወደ ሌላ ቢያመለክትም የያዘው ፋይል እስኪዘጋው ድረስ በዲስክ ላይ ይቆይለታል። ከሽቅድምድም ማምለጫ መንገዶች ሁሉ እኛ ይህን አብልጠን እንወዳለን፤ ማንንም ማስጠበቅ አያስፈልገውምና። ይሁን እንጂ ከአንባቢ ይጠብቃል እንጂ ከመብራት መሄድ አይጠብቅም፤ ስሙ ከመለወጡ በፊት ጽሕፈቱ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ በሌላ ጥሪ ማስገደድ ያስፈልጋል። መብራት በድንገት በሚሄድበት ቦታ ይህን መርሳት አይገባም።

በፋይል መጨረሻ ላይ ብቻ ለሚጨምሩ፥ እንደ ዕለት መዝገብ ላሉ ሥራዎች፥ ሌላ መላ አለ። ከርነሉ ለተከፈተ ፋይል ሁሉ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ዕልባት ይይዛል። ፕሮግራሙ ራሱ «ወደ መጨረሻው ሂድ» ብሎ ቀጥሎ «ጻፍ» ቢል በመካከል ሌላው ቀድሞ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ ላይ ይጽፋሉ፥ የፊተኛው ይጠፋል። ፋይሉ ሲከፈት «ሁልጊዜ በመጨረሻ ላይ ጨምር» የሚል ምልክት ከተሰጠ ግን ከርነሉ ሁለቱን እንደ አንድ ያደርጋቸዋል። በኔትወርክ ላይ በሚጋሩ የኤን.ኤፍ.ኤስ. ዲስኮች ላይ ግን ይህ ተስፋ አይጸናም። ዕልባቱ ራሱም ቢሆን ከሽቅድምድም ነጻ አልነበረም። ሁለት ፕሮሰሶች አንድ የተከፈተ ፋይል ተጋርተው በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ዕልባቱ በትክክል ሳይንቀሳቀስ ጽሕፈታቸው ሊደራረብ ይችል ነበር፤ በሊኑክስ ይህ የታረመው በ2014 በወጣው በ3.14 ቁጥር ነው። በዓለም ሁሉ ሲሠራበት በኖረ ከርነል ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ተሰውሮ መቆየቱ ያስገርማል።

አሁን ስለ ቁልፍ እንናገር። ከብዙ ፕሮሰሶች መካከል አንዱ ብቻ ወደ አስጊው የሥራ ክፍል እንዲገባ የሚያደርገውን መንገድ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1965 አሳተመ። ፋይል ግን ከዚህ ለየት ያለ ጠባይ አለው፤ አንባቢዎች መቶም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይጐዳዱም፥ የሚያሰጋው ጸሓፊ ሲጨመር ነው። ይህን የአንባቢዎችና የጸሓፊዎች ጥያቄ ኩርትዋ፥ ሄይማንስና ፓርናስ በ1971 አውጥተው ሁለት መልስ ሰጡበት። በመጀመሪያው መልስ አንባቢ የሚጠብቀው ጸሓፊ አስቀድሞ ከገባ ብቻ ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንባቢ በአንባቢ ላይ እየተከታተለ ቢመጣ ጸሓፊው በር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ አንባቢዎቹም አሮጌውን ዜና ሲያነቡ ይኖራሉ። በሁለተኛው መልስ ጸሓፊ እንደ መጣ አዲስ አንባቢ አይገባም፤ እዚህ ደግሞ ጸሓፊዎች ከበዙ አንባቢው ይራባል። ሁሉንም በሰልፍ ማስገባት ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ማንም አይራብም፥ ሥራው ግን ይዘገያል። የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ለፈተና ዝርዝር የሚያስፈልገውና ለጋዜጣ የሚያስፈልገው አንድ አይደለም።

ቁልፎቹ በተግባር እንደየአገራቸው ይለያያሉ። ዊንዶውስ ፋይል ሲከፈት «ሌላው እንዲያነብ እፈቅዳለሁ፥ እንዲጽፍ አልፈቅድም» የሚል ቃል ይቀበላል፤ ቃሉንም ያስከብራል፤ ያልተፈቀደለት ፕሮግራም በሩ ላይ ይመለሳል። በዩኒክስ ቤተሰብ ውስጥ የተለመዱት ቁልፎች ግን የምክር ቁልፎች ናቸው፤ የሚያከብሩት የሚጠይቁት ብቻ ናቸው። ቁልፉን ሳይጠይቅ ቀጥታ የሚጽፍ ፕሮግራም ማንም አይከለክለውም። ሊኑክስ የግዴታ ቁልፍ ነበረው፤ እምብዛም የማይሠራበት፥ ራሱም አስተማማኝ ያልሆነ ስለነበር በ2021 በወጣው በ5.15 ቁጥር ፈጽሞ ተወገደ። ከምክር ቁልፎቹ አንዱ፥ የፋይልን ክፍል ለይቶ የሚቆልፈው፥ ደግሞ እንግዳ ጠባይ አለው፤ ፕሮሰሱ ያንኑ ፋይል በሌላ ስፍራ ከፍቶ ቢዘጋው የያዘው ቁልፍ ሁሉ ሳይነገረው ይለቀቃል። ይህን ሳያውቁ የተጻፉ ፕሮግራሞች ቆልፈናል እያሉ በክፍት በር ይሠራሉ።

ወደ ጸሓፊዎቻችን እንመለስ። በዚያ ጽሕፈት ቤት የተሻለ ቁልፍ ቢኖር ኖሮ ሦስቱ ስሞች ይተርፉ ነበርን? ዩኒክስን የፈጠሩት ዴኒስ ሪቺና ኬን ቶምሰን በ1974 ስለ ሥርዓታቸው ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ያሰፈሩት ሐሳብ እዚህ ይጠቅመናል። ዩኒክስ ያን ጊዜ ለተጠቃሚ የሚታይ የፋይል ቁልፍ አልነበረውም፤ እነርሱም በራሳቸው የሥራ ቦታ ቁልፍ አስፈላጊም በቂም አይደለም ብለው ተከራከሩ። አስፈላጊ ያልሆነው፥ ብዙ ፕሮሰሶች የሚሻሙበት ታላቅ የጋራ መዝገብ ስላልነበራቸው ነው። በቂ ያልሆነው ደግሞ፥ ሁለት ሰዎች አንድን ፋይል በማረሚያ ፕሮግራም ሲያርሙ እያንዳንዳቸው የሚያርሙት የየራሳቸውን ቅጂ ስለሆነ ነው፤ ማንበብና መጻፍን መቆለፍ ብቻውን ይህን መደናገር አያስቀረውም። የፊተኛው ምክንያት ዘመን አልፎበታል፤ የኋለኛው ግን የእኛን ጉዳት ልክ አድርጎ ይናገራል። አንደኛዋ ጸሓፊ ያነበበችው ጧት ነው፥ የጻፈችው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁለቱም ጥሪዎች በትክክል ተፈጽመዋል። መቆለፍ የነበረበት ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው ጽሕፈት ያለው ሰዓት ሁሉ ነው፤ ያም የምሳውን ሰዓት ይጨምራል።

ምሳን መቆለፍ ካልተቻለ ቀሪው መንገድ ማመሳከር ነው። ፕሮግራሙ ሲያነብ የፋይሉን መልክ ያስታውሳል፤ ሊጽፍ ሲል «ካነበብሁት ወዲህ ተለውጧልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተለውጦ ከሆነ ሰውየውን ያስጠነቅቃል። ብዙ የማረሚያ ፕሮግራሞች እንዲህ ያደርጋሉ፤ በዚያ ጽሕፈት ቤት ቢኖር ኖሮ ይበቃ ነበር። ነገር ግን መጠየቅና መጻፍም ሁለት ጥሪዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ትንሽ በር አለች። የምሳ ሰዓት የሚያህለው በር ወደ ቅጽበት ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። ሰው ለሚያርመው ፋይል ይህ ይበቃል፤ ተንኰለኛ ለሚጠብቀው ግን አይበቃም። ለምሳሌ ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም «ይህ ሰው ይህን ፋይል ሊጽፍበት ይፈቀድለታልን?» ብሎ በስሙ ጠይቆ ቀጥሎ በስሙ ቢከፍተው፥ ተንኰለኛው በሁለቱ መካከል ያንን ስም ወደ ምስጢር መዝገብ እንዲያመለክት ያደርገዋል። መድኃኒቱ አስቀድሞ መክፈት፥ ከዚያ የተከፈተውን ራሱን መመርመር ነው፤ ስም ይለወጣል፥ በእጅ የተያዘ ፋይል ግን አይለወጥም።

ከርነሉ ራሱ በዚህ ወጥመድ ወድቋል። በ2016 የተገለጠው «ዴርቲ ካው» የተባለው ስሕተት ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ የነበረ ነው። ተራ ተጠቃሚ ለንባብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል በትውስታ ውስጥ ገልጦ ሊጽፍበት ሲሞክር ከርነሉ የግል ቅጂ ይሠራለታል፤ በዚያው ቅጽበት ሌላ የእርሱ ሥራ «ያን ቅጂ ጣለው» እያለ ቢደጋግም ጽሕፈቱ በቅጂው ፋንታ በዋናው ላይ ያርፍ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እርማቱን ሲያወጣ ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ሊያርመው ሞክሮ በደንብ እንዳልሆነለት በግልጽ ጻፈ።

ያ ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ዝርዝሩን ለአንደኛዋ ጸሓፊ ብቻ ሰጥቶ፥ ሁለተኛው አዳዲስ ስሞችን በወረቀት ጽፎ እንዲያቀብላት ወስኗል። ጸሓፊ አንድ፥ ቁልፍ አንድ ማለት ነው፤ ይሠራልም። ባለፈው ወር ጸሓፊዋ ታማ ሦስት ቀን በቀረች ጊዜ ግን ለጉዳይ ሄደን ወረቀቶቹ በጠረጴዛዋ ላይ ተከምረው አየን።